ባንዲራ የሰረቀችው የሙሽራዋ እናት

ስላቮይካ ዘንድ መንዳት የተማረ ሰው ሁሉ አያቱን ገጭቷል። በከተማችን ይህ እንደ ቀልድ ይወራል፤ ግን ቀልድ አይደለም። በአሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ተማሪውን ታቆምና፣ በዚህ ፍጥነት እየመጣህ ድንገት ፍሬን ብትይዝ የት ላይ ትቆማለህ ብላ ትጠይቀዋለች። ተማሪው በልበ ሙሉነት በጣቱ ያሳያል። እሷም ባዶ የሳሙና ካርቶን ብብቷ ስር ይዛ ትሄድና እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። "ያቻት አያትህ። ከገበያ እየተመለሰች ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ መሮጥ አትችልም። በል ና" ትለዋለች። ተማሪው ይመጣል፣ እሷ "ቁም" ትላለች፣ ካርቶኑ ጎማ ስር ገብቶ ይጨማደዳል።

ከዚያ ስድቡ ይወርዳል። ተማሪውን ከመኪና አስወርዳ፣ "ቁም" ካለችበት ቦታ አንስቶ መኪናው መዘግየት እስከ ጀመረበት ድረስ በእግሩ ታስኬደዋለች። ይህን ሁሉ መንገድ ምን ስትሠራ ነበር ትለዋለች። እግሬን ከነዳጁ እያነሳሁ ነበር ይላል። "አንተ እግርህን እስክታነሳ እሷ ተቀብራለች" ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ፍጥነቱን እጥፍ ታስደርገዋለች። ተማሪው ብልጥ የሆነ መስሎት ካርቶኑን እጥፍ አርቆ ያስቀምጣል፤ ካርቶኑ ግን ያው ይጨማደዳል፣ ያውም መኪናው ገና በቅጡ ሳይዘገይ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። "ይሄን ሕግ መንግሥት አላወጣውም" ትላለች ስላቮይካ፣ "ስለዚህ ጉቦ አይሠራበትም።"

ሰዎች ቁጡ ናት ይሏታል። ልክ ናቸው፣ ቁጡ ናት። ዳቦ ቤት ተሰልፋ እንኳ ከኋላዋ ያለ ሰው ከተጠጋት ዞር ብላ ትገላምጠዋለች። ግን ቁጣ ካልዘሩት አይበቅልም፤ የሷ የተዘራው በገዛ ሰርጓ ቀን ነው።

ያኔ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፤ መሪ ጨብጣ አታውቅም። የባሏ የቲሆሚር ወገኖች በወንዙ መንገድ መጥተው ወሰዷት። እኛ ዘንድ ሙሽራ ሊወስዱ በመጡበት መንገድ አይመለሱምና፣ ሲመለሱ በላይኛው መንገድ፣ በፕለም እርሻው አጠገብ ባለው ቁልቁለት ወረዱ። መኪኖቹ እንደ ወጉ አፍንጫ ለጅራት ተያይዘዋል። በመሃል ባዕድ መኪና ከገባ ትዳሩ ይሰነጠቃል ስለሚባል ማንም ክፍተት አይተውም። ከሙሽሮቹ መኪና ቀጥሎ የስላቮይካ ወንድም ሚሎይኮ ነበር፤ ከሚሎይኮ ቀጥሎ የባሏ ታላቅ ወንድም ቪዶዬ። ኩርባው ላይ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። ከፊት አጀቡን የሚመራው ባንዲራ ያዥ ቆመ፣ የሙሽሮቹ መኪና ቆመ፣ ሚሎይኮም ቆመ። ቪዶዬ ግን የሚቆምበት መሬት አልነበረውም። የሚሎይኮን ትንሽ መኪና ከኋላ ገፍቶ ከመንገድ አወጣት፤ ከመንገዱ በታች ደግሞ ገደል ነው።

ስላቮይካ በቬሎዋ ወርዳ ወደ ኋላ ሮጠች። ገደሉን ከማየቷ በፊት ያየችው አስፋልቱ ላይ የተሰመሩ ሁለት ጥቁር መስመሮችን ነው፤ ከቪዶዬ ጎማዎች ኋላ ይጀምሩና ወደ ዳገቱ ይሄዳሉ። ምን እንደሆኑ አላወቀችም፣ ግን ዓይኗ ውስጥ ቀሩ። ቪዶዬ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ፍሬን በጠሰብኝ፣ ፍሬን በጠሰብኝ እያለ ያለቅስ ነበር። ሁሉም አመነው። ቄሱ የእግዜር ፈቃድ ነው አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ብረት ነው፣ ብረት ይከዳል አሉ። ኩርባው ላይ የሚሎይኮ ስምና ፎቶ ያለበት ድንጋይ ቆመለት። ዓመቱ ሳይዞር ሌላ የሰርግ አጀብ፣ ያው አፍንጫ ለጅራት ተያይዞ፣ ክላክሱን እያስጮኸ በድንጋዩ ፊት አለፈ።

ልጇን ኔቬናን ከወለደች በኋላ ስላቮይካ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ትምህርት ገባች። አንድ ቀን አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ፎቶ ሰቀለ፦ አስፋልት፣ አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር። ይሄ ፍሬን ተረግጦ ጎማው አልሽከረከር ሲል የሚተወው ምልክት ነው አለ። ፍሬን የበጠሰ መኪና መስመር አይተውም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስላቮይካ ተነስታ ከክፍል ወጣች። የቪዶዬ ፍሬን ይዞ ነበር። ባለ በሌለ ኃይሉ ይዞ ነበር፤ የዘገየው እግሩ፣ ያጠረው መንገዱ ነው።

የዚያኑ ዕለት ለቲሆሚር ነገረችው። ቲሆሚር ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ለበዳይም ለተበዳይም እኩል ስለሆነ ለማንም አይጠቅምም። የሞተ አይመለስም፣ ከወንድሜ አታጣይኝ አላት። እሷም ዋጠችው። መንጃ ፈቃዱን ይዛ አልቆመችም፣ አስተማሪ እስክትሆን ድረስ ሄደች። ቤት ውስጥ ዝም ያለችውን ያህል ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተማሪዎቿ ላይ ጮኸች።

ኔቬና አደገችና ቮይን የሚባል ንብ አርቢ ወደደች። መልካም ልጅ ነው፣ ሲነዳም አይቸኩልም። ችግሩ የመጣው ሰርጉ ቀርቦ የመኪኖቹ ተራ ሲነገር ነው። ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ የሙሽራዋ አጎት ይከተላል፤ አጎቷ ቪዶዬ ነው። የመመለሻው መንገድም ያው የላይኛው መንገድ ነው። ስላቮይካ ይህን ሰማች። አንዲት ልጇ በዚያ ቁልቁለት ልትወርድ፣ ከኋላዋም ያ ሰውዬ፣ ያኔ እንዳደረገው ክፍተት ሳይተው።

የእሁድ ምሳ ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት ሹካዋን አስቀምጣ ተናገረች። ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ዛፍ ሲያልፍ ቀስ ብላችሁ ሁለት ቁጠሩ፤ ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ እናንተም ዛፉ ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል ማለት ነው፣ ራቁ አለቻቸው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ቪዶዬ አፉ የሞላውን ጥቅል ጎመን ውጦ ሳቀ።

"ሙሽሪት" አላት፤ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ ከዚህ ስም አላወጣትም። "ይሄን ያህል ከተውን እኮ የወተት መኪና ሳይቀር ሊገባበት ነው። ልጅቷ ቮይንን ታግባ ወይስ ወተት አመላላሹን?"

ገበታው ሁሉ ሳቀ።

"ሚሎይኮም እንዲህ ስቆ ነበር" አለች።

"እሱን ፍሬን ነው የገደለው። ፍሬን በጠሰ። ስንቴ ልንገርሽ?"

"እኔስ ስንቴ ልስማህ?"

ቲሆሚር ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ኔቬና ግን ቀድማው እናቷን እጇን ያዘቻት። "እማ፣ ለአንድ ቀን አስተማሪ አትሁኚ። ሰርጌን ልቅሶ አታድርጊብኝ።"

ይህ ከቪዶዬ ሳቅ የበለጠ አመማት። ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ሳህን ማጠብ ጀመረች፣ አንዱን ሰበረችው፤ ሳታስበው አይደለም። እኛ ዘንድ የሙሽራ እናት አጀቡን አትከተልም። በር ላይ ቆማ ትሸኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ሲመሽ ግብዣው ላይ ትደርሳለች። ለሷ የተመደበላት ሥራ እንባ ብቻ ነበር። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚለውን ተረት ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ የሚመጥን ሰው ሲመጣ ግን አፉን ያስዘጉታል።

የሰርጉ ጠዋት የቮይን ወገኖች መጡ። ቮይን እንደ ወጉ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተሰቀለውን ፖም በጥይት መትቶ ጣለ፣ በሩ ተከፈተለት፣ ሙዚቀኞቹ ጡሩምባቸውን ነፉ፣ ግቢው በክብ ጭፈራ ተሞላ። ባንዲራ ያዡ የቮይን እህት ባል ስሬተን ነበር፣ ደረተ ሰፊ ሥጋ ሻጭ። ጭፈራውን ሊመራ ፈልጎ ባንዲራውን፣ የታሰረበት ፎጣና ጫፉ ላይ የተሰካው ፖም እንዳሉ፣ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ይህ ስህተት ነው። የሙሽራዋ ወገን ባንዲራ መስረቅ ወጉ ነው፤ የተሰረቀበትም ሌባው የጠየቀውን ከፍሎ ያስመልሳል፣ ያለ ባንዲራ አጀቡ ንቅንቅ አይልም። ሁልጊዜ የሚሰርቁት ጎረምሶች ናቸው፣ ዋጋውም አረቄ ነው። ስሬተን ጎረምሶቹን በዓይኑ ይጠብቅ ነበር። የሙሽራዋን እናት ማን ይጠብቃል?

ጭፈራው ሲያበቃ ባንዲራው የለም። ሲፈልጉ፣ ጣሪያዋ ላይ የተማሪ ምልክት ባለባት ነጭ መኪና መስኮት ወጥቶ እየተውለበለበ አገኙት። ስላቮይካ መሪውን ጨብጣ፣ በሮቹን ቆልፋ ተቀምጣለች። ስሬተን እየሳቀ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ቀጥሎ የበግ ጭን አመጣ። እሷ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

"አረቄህን ጠጣው፣ በግህንም ብላው። ዋጋዬ ሌላ ነው። እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ባንዲራውን እኔ ይዤ ከፊት እሄዳለሁ።"

ስሬተን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። "እትዬ ስላቮይካ፣ ሴት ባንዲራ ይዛ አታውቅም እኮ። ያውም የሙሽራ እናት።"

"ወንድ ሲይዘውማ ተሰረቀ።"

ሙዚቀኞቹ ሳቁ፣ ቀጥሎ ግቢው ሳቀ። ስሬተን እንደ ቲማቲም ቀላ። ቪዶዬ መጥቶ መስታወቱን እያንኳኳ በዘመድ ፊት አታዋርጂን አላት፤ ዞር ብላም አላየችውም። ኔቬና በቬሎዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ እናቷን የምታይበት ዓይን የጠላት ዓይን ነው። ስላቮይካ ያንን ዓይን አየችው፣ እየመረራት አየችው፣ ግን መሪውን አልለቀቀችም። በመጨረሻ የተናገረው ቮይን ነው። "ወግ ወግ ነው። ሌባዋ የጠየቀችውን ክፈሉ" አለ።

እንዲህ ሆኖ የሰርግ አጀብ በተማሪ መኪና ተመርቶ ወጣ። ባንዲራ ያዥን የሚቀድም የለም፤ ቀድሞ የተገኘ ለዕድሜ ልኩ መተረቻ ነው የሚሆነው። ስላቮይካ ይህን ነበር ያሰላችው። ክፍተቱን ከከለከሉኝ ፍጥነቱን እነጥቃቸዋለሁ አለች። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ፍሬን የሚፈልገው መንገድ ሩብ ይሆናል፤ ከዚያም በታች ከወረደ፣ ተጠግተው ቢጋጩ እንኳ የሚላጠው ቀለም ነው። ላይኛውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ጀመረችው፣ በሁለተኛ ማርሽም ቀጠለች።

ከኋላዋ ክላክሱ አገሩን አናወጠው። የሰርግ ክላክስ ሳይሆን የእርግማን ነበር። ከመስኮት እጅ እያወጡ ሰደቧት። አንድ ሽማግሌ በብስክሌት መጥቶ አጀቡን በሙሉ አልፎ፣ ከሷ ጎን ሲደርስ ቆቡን አንስቶ ሰላምታ ሰጥቷት ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ባሰ። ስላቮይካ በስፖኪዮ የምታየው የልጇን ነጭ ቬሎና፣ ከቬሎው ኋላ ተለጥፎ የሚመጣውን የቪዶዬን መኪና ነበር። የሚያንባርቀውን ክላክሱን ከሁሉም ለይታ ታውቀዋለች። ተጠጋ፣ ተጠጋ እያለች ጥርሷን ነከሰች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዛሬ ግን የሚሮጥ የለም።

ኩርባው ላይ ሲደርሱ ምንም አልነበረም። ጋሪ የለ፣ ከብት የለ፣ ባዶ አስፋልት ነው። ነገር ግን በዚህ ዝግታ ሲያልፉ ሰዉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋዩን አየው። በፍጥነት የሚያልፍ ሰው የሚያየው ግራጫ ነገር ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ የሚያልፍ ግን ፎቶውን ያያል፣ ሚሎይኮ በእህቱ ሰርግ ቀን ያደረገውን ሰፊ ክራቫት፣ ሳቁን። ከኋላ ከሚጮኹት ክላክሶች አንዱ ተቋረጠ። ስላቮይካ የማን እንደሆነ አወቀች።

ቤተ ክርስቲያን አርፍደው ደረሱ። ቄሱ አጉረመረሙ፣ እንግዶቹ ጺማችን መንገድ ላይ አደገ እያሉ ወረዱ። ስሬተን ባንዲራውን ሲቀበላት፣ "ይኸው እትዬ፣ ምንም አልሆነም" አላት።

"አዎ። ምንም አልሆነም። የለፋሁት ለሱ ነው።"

ሳቁባት። ደሟ ፈላ። የደረሰ ነገር ስንት ምስክር አለው፤ ሳይደርስ ለቀረ ነገር ግን ማን ይመሰክራል? ሥርዓተ ተክሊሉ ሲፈጸም ቆማ አየች፣ ልጇ ስትስቅ አየች፣ ግን ሐሳቧ መንገዱ ላይ ነበር። ዋጋዋ እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ተከፍሎ አልቋል። ከዚህ እስከ ግብዣው አዳራሽ ገና ግማሽ ቁልቁለት ይቀራል፣ ባንዲራው በስሬተን እጅ ነው፤ ስሬተን ደግሞ ያረፈድነውን አሁን እናካክሳለን፣ ንዱ እያለ እየዞረ ይናገራል። ሞተሮች ተነሱ። ቪዶዬ ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ ተጠግቶ ቆመ።

ስላቮይካ ሄዳ በሁለቱ መኪኖች መሃል ገባችና ሁለት እጇን የቪዶዬ መኪና ላይ ጣለች። ቪዶዬ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፊቱ ከኩርባው ጀምሮ እንደ አመድ ነበር።

"ሁለት ጥቁር መስመር አይቻለሁ" አለችው። "በቬሎዬ ቆሜ አይቼዋለሁ። ፍሬን የበጠሰ መኪና መስመር አይተውም፣ ቪዶዬ።"

ቪዶዬ ወደ መሬት አየ። "ይዞ ነበር" አለ፣ ድምፁ በቅጡ አይሰማም። "ረግጬዋለሁ፣ ይዞም ነበር። ግን ቅርብ ነበርኩ። ሚሎይኮ በስፖኪዮው እያየኝ ሲስቅ ጥርሱ ይታየኝ ነበር። ያን ያህል ቅርብ።"

"እኔ አውቀዋለሁ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለነሱ ንገር።"

ቆቡን አወለቀ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መኪኖቹ ውስጥ ላሉትም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ላሉትም ተናገረ። ፍሬኑ አልበጠሰም፣ ዋሽቻችኋለሁ አለ። ክፍተት አልተውኩም፣ የገደልኩት እኔ ነኝ አለ። አንድ በአንድ ሞተሮቹ ጠፉ። ቲሆሚር ከደረጃው ላይ ወንድሙን ሳይሆን ሚስቱን አየና አንገቱን ደፋ።

ስላቮይካ ይቅር አላለችውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን ስንት ዓመት እንዳደረ ታውቃለች። በነዚያ ዓመታት ስንት ሙሽራ በዚያ ኩርባ ወረደች፣ ስንት ሰው ብረት ነው የሚገድለው ብሎ አምኖ የሰው ጅራት ላይ ተለጥፎ ነዳ። አንድ ሰው ስላፈረ አንድ አገር ሳይማር ቀረ። በዚህ ተናዳለች፣ እስክትሞትም ትናደዳለች፤ መብቷ ነው።

ኔቬና ቬሎዋን ሰብስባ ከመኪና ወረደች። ወደ እናቷ ስትመጣ ልታቅፋት መስሏቸው ነበር። አጠገቧ ቆመችና ወደ መኪኖቹ ዞረች። "ሰማችሁ?" አለች። "ዛፍ እያያችሁ ሁለት ቁጠሩ።" ድምፅዋ ቁርጥ የእናቷ ነበር።

ስሬተን ባንዲራውን አንስቶ ቀስ ብሎ ወጣ። ስላቮይካ በነጭ መኪናዋ የመጨረሻ ሆነች። ከኋላ ሆና ቁልቁለቱን ስታይ፣ መኪኖቹ እየተራራቁ፣ በመሃላቸው አስፋልት እየታየ ወረዱ። መገንጠያው ላይ አንድ የወተት መኪና ከጎን መንገድ ወጣ። በሙሽሮቹ መኪናና በቪዶዬ መኪና መሃል ያለውን ቦታ አየና ገባ።

ስላቮይካ መሪውን ጨብጣ ክላክሱን ጠበቀች። ማንም ክላክስ አላደረገም። የወተት መኪናው ሹፌር ግር ብሎት በመስኮት እጁን አውጥቶ አመሰገነ፤ ቪዶዬም ትንሽ ራቅ አለለት። ያኔ ነው የሙሽራዋ እናት በንዴት ማልቀስ የጀመረችው። ሚሎይኮን ለማትረፍ የሚበቃው ቦታ ያችው ነበረች፣ አንድ የወተት መኪና የምታስገባ።